ከነሰው የተሸጠ ቤት

ትርንጎ ቤቱን የገዛችው በሐራጅ ነው፤ የገዛችውም ከነሰው ነው። በ2085 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ሽያጭ ብርቅ አልነበረም። ማስታወቂያው ላይ የካሬው ስፋት፣ የፎቁ ቁጥርና የመስኮቱ አቅጣጫ ይጻፍና ከታች በደቃቅ ፊደል «በውስጡ፦ ባልና ሚስት፣ ጤነኞች» ተብሎ ይጨመራል። ባዶ ቤት የሚገዛው የናጠጠ ሀብታም ነው። ደብረ ብርሃን፣ ባሶ ማማዎች ውስጥ ሊፍት ስትጠግን የምትውል እንደ ትርንጎ ያለች ሠራተኛ የሚደርሳት ከነሰው ያለው ነው። እሱንም ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ተሰልፋለች።

ዘጠኙን ዓመት የኖረችው በፈረቃ ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ሦስት ሰው። የእሷ ተራ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ነበር። አሥራ አንድ ሲል አልጋው ይንቀጠቀጣል፤ ትነሳለች፤ አንሶላዋን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። በሩን ስትከፍት ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር ያደረ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃታል። «እንደምን አደርሽ» ይላታል። «ደኅና ተኛ» ትለዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተባብለዋል፤ ስሙን ግን አታውቀውም። ከሥራቸው ባለው ፎቅ ደግሞ የተለያየ ፈረቃ የደረሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ። የሚተያዩት በር ላይ ነው፤ እሷ ስትወጣ፣ እሱ ሲገባ። ይህን ማንም ጉድ አይለውም ነበር፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

የትርንጎ ምኞት ትልቅ አልነበረም። እሁድ ጠዋት ማንም ሳያንቀጠቅጣት እስከ አራት ሰዓት መተኛት ፈለገች፤ ይኸው ነው። ለዚህ ደግሞ ሠላሳ ቀን ተሰጥቷታል። የሐራጅ ገዢ በሠላሳ ቀን ውስጥ የቤቱ ባለቤት ሆኖ ካልተገኘ ሽያጩ ይፈርሳል፤ እሱም ወደ ፈረቃ ቤቱ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ተራ የሚደርሰው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ትርንጎ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አሰበችና «ኧረ ወዲያ፣ ይሄ ቤት የኔ ነው» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ባለቤት ሆኖ መገኘት ሲባል ታዲያ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ፍርድ ቤቶች በቤት ክርክር ታፍነው ጉዳዩን ለበሮች ከለቀቁላቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗል። በር ወረቀት አያነብም፤ የሚያየው ሰውን ነው። «ግቡ» የሚል ባለቤት ነው፤ «ግቡ» የተባለ እንግዳ ነው። የሚያስተናግድ ባለቤት ነው፤ የሚስተናገድ እንግዳ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድም ነዋሪ ካልተገኘ ደግሞ በሩ ራሱን ይቆልፍና ለገዢው ይሰጣል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የአገሩን ወግ ይዘን ነው ብለው ኮርተውበታል። ወጉንስ ይዘዋል፤ ማን ይክዳቸዋል።

ትርንጎ እስከ ሃምሳ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ የምትናገረውን ስታጠና ሄደች። «ትርንጎ እባላለሁ፤ ይህን ቤት ገዝቻለሁ» ልትል ነው፤ ጠንከር ብላ፣ ሰው ሳታስቀይም። በሩ ተከፈተ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወገባቸውን ይዘው ከሶፋው ብድግ አሉላት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ መስኮቱ ሥር ጤና አዳም በጣሳ በቅሏል፣ ቤቱ ሙቅ ነው። ትርንጎ ጨዋ እናት ናት ያሳደገቻት፤ ሰው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ምን እንደሚባል ታውቃለች። አፏ ቀደማት።

«ቤት ለእንቦሳ» አለች።

«እንቦሳ እሰሪ የኔ ልጅ። ግቢ፣ ግቢ» አሉ ሴትዮዋ ፊታቸው በርቶ።

በሩ ቀጠን ያለ ደወል አሰማ። «እንግዳ ተመዝግቧል» አለ።

ትርንጎ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ እንደሆነ ቀረች። በገዛ ቤቷ ደጃፍ ላይ ለሌላ ሰው መልካም ቤት ተመኝታ እንግዳ ሆና አረፈችው። ከሶፋው ጥግ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳቃቸውን እየዋጡ ነበር።

«አራተኛዋ ነሽ» አሏት። «ከአንቺ በፊት የመጡት ሦስቱም ገዢዎች ያሉት ይህንኑ ነው። ያገራችን ሰው ጨዋ ነው፤ ምን ይደረግ።»

ሽማግሌው ጋሽ ማክቤል፣ ሴትዮዋ እትዬ ሶልያና ይባላሉ። ሕፃን ሁሉ ሶልያናና ማክቤል ይባል በነበረበት ዘመን የተወለዱ ናቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ ስም የሰማ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ሽበትና ከዘራ ነው። ወጣቱማ ትርንጎ፣ ድንበሩ፣ ውዴነሽ ነው የሚባለው።

ቤቱ ለሐራጅ የቀረበው በጋሽ ማክቤል ዓሣ ምክንያት ነው። ጡረታ የወጡ ጊዜ ቤቱን ለባንክ አስይዘው ማማው ጣሪያ ላይ ዓሣ ሊያረቡ ተነሱ፤ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ያውም በጥቅምት። ውርጩ በአንድ ሌሊት ጨረሳቸው። «አንድም አልተረፈም» ይላሉ ስለ ነገሩ ሲያወሩ፤ «ያልተጠበሱ፣ ያልተቀቀሉ፣ እንዲያው ቆመው የቀሩ።» እትዬ ሶልያና ይህን በሰሙ ቁጥር ይስቃሉ፤ ቤታቸውን ያሳጣቸው ነገር መሆኑን እያወቁ ይስቃሉ። ትርንጎን መጀመሪያ የገረማት ይህ ሳቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በሦስቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አብረው ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሁለቱም ከወጡ በሩ ይቆለፋላ። ከተቆለፈ ደግሞ አረጋውያን የሚላኩት ወደ ፈረቃ ቤት ነው፤ ወንድ በቀን ፈረቃ፣ ሴት በማታ። ስለዚህ ተራ ይገባሉ። ጠዋት ጋሽ ማክቤል ካፖርታቸውን ደርበው ለሥራ ይወጣሉ፤ ሥራቸው ለሰው ወረፋ መያዝ ነው፤ ከየቢሮው ደጃፍ ለሌላው ይሰለፋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሱና እትዬ ሶልያና ይወጣሉ። ታች አደባባዩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሽ ማክቤል ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ከግራው ጫፍ ይቀመጣሉ፤ እትዬ ሶልያና ከሰዓት ከቀኙ ጫፍ ይቀመጣሉ። ማታ ማታ ታዲያ አብረው የዋሉ ይመስል ያወራሉ።

«ያቺ ልጅ ብስክሌት መንዳት ለመደች፣ አየሻት?»

«አየኋት። ግን ገና ትወድቃለች።»

«ጠዋት አልወደቀችም።»

«ከሰዓት ወድቃለች እኮ ነው የምልህ።»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ታዝንላቸውና ወዲያው በራሷ ትናደዳለች። የመጣችው ቤት ልትረከብ ነው እንጂ ለሰው ልታዝን አይደለም። እነሱ ካሸነፉ ለአሥራ ሁለት ዓመት አንሶላ የምትጠቀልለው እሷ ናት። ደግሞም ሕጉን አንብባ መውጫ ቀዳዳ አግኝታለች፦ እንግዳ በቤቱ ውስጥ ሥራ ከያዘ እንግዳ አይባልም፤ የቤት ሰው ነው፤ ገዢ የሆነ የቤት ሰው ደግሞ ባለቤት ነው። እንግዳው ምግብ ሳይቀርብለት ጦሙን ከዋለም አስተናጋጁ ባለቤትነቱን ያጣል። ታዲያ አንድ ስኒ ማጠብ ምን ያህል ይከብዳል?

ለካስ ተራራ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሻይ እንደጠጡ ትርንጎ ስኒዋን ይዛ ተነሳች።

«የት ነው?» አሉ እትዬ ሶልያና።

«ኧረ ቦታው ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው።»

«ቁጭ በይ። እኔ በቁሜ እያለሁ እንግዳ ስኒ ታነሳለች? ሰው ምን ይለኛል?» ስኒውን ከእጇ መነጠቁ በጨዋ ደንብ ነበር፤ መንጠቁ ግን መንጠቅ ነው።

በአምስተኛው ቀን መጥረጊያ ልትይዝ ጎህ ሲቀድ ተነሳች። እትዬ ሶልያና ቤቱን ጠርገው፣ ወልውለው፣ መጥረጊያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። «እንደምን አደርሽ» አሏት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። በስምንተኛው ቀን ስኒ እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ «እጄን ልታጠብ» ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች። ጋሽ ማክቤል ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። «እጅጌሽ ያንኳኳል» አሏት። ሁለቱም ሳቁ፤ ስኒውን አውጥታ ሰጠቻቸው።

ትርንጎ ደግሞ በመብል ተከበበች። ሁለቱም በአጠገቧ ባለፉ ቁጥር ያጎርሷታል። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ምነው፣ አልጣፈጠሽም?» እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ ከዚያ በኋላ ብረት ነው ይባላል። ትርንጎ በአሥራ አምስተኛውም ቀን ወርቅ ነበረች፤ የእሷ ወርቅነት ያበቃ ቀን የእነሱም ቤት ያበቃላ። የሥራ ሱሪዋ አልዘጋ ብሏት ቁልፉን ወደ ዳር አዛወረች። በየማታውም፣ ሊፍት ስትጠግን ዋዛ የማታውቀው ሴትዮ፣ ሥራዋን አንድ ሰዓት ቀደም ብላ መጨረስ ጀመረች። ለምን ቢሏት «ቤቴን ልጠብቅ» ትል ነበር። እኔን ከጠየቃችሁ የልጅቷን የብስክሌት ወሬ እንዳያመልጣት ነው።

በሃያ ሁለተኛው ቀን የእትዬ ሶልያና ወገብ እምቢ አለ። ጋሽ ማክቤል አዲስ አበባ ወረፋ ይዘው ነበር፤ እስከ ማታ አይመለሱም። ዕለቱ የትርንጎ የዕረፍት ቀን ነው። እትዬ ሶልያና አልጋ ላይ ሆነው «ደኅና ነኝ፤ አሁን እነሳለሁ» ይላሉ፤ ክንዳቸውን ተመርኩዘው ይሞክራሉ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ይመለሳሉ። ቁርስ አልተበላም። ስድስት ሰዓት ሆነ።

በሩ ጠየቀ፦ «እንግዳዋ ምሳ ቀረበላት?»

«እየመጣ ነው» አሉ እትዬ ሶልያና ከአልጋው።

«እስከ ስምንት ሰዓት ካልቀረበ አስተናጋጅነቱ ይሰረዛል» አለ በሩ፤ በትሕትና ነው የሚናገረው፣ ሁልጊዜም።

ትርንጎ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሃያ ሁለት ቀን የታገለችለት ክፍል እነሆ ተከፍቶ፣ ጠባቂ የለው፣ ከዘራ የለው። ድስቱ አለ፣ ምስሩ አለ፣ ማማሰያው ተሰቅሏል። ማማሰያውን አነሳች። ለታመሙ አሮጊት አጥሚት ማፍላት ደግ ሥራ ነው፤ በዚህ ማንም አይወቅሳትም። ድስቱ እሳት ላይ በተጣደ ቅጽበት ግን ቤቱ የእሷ ይሆናል። ደግነትም ድልም በአንድ ማማሰያ። እሁድ እስከ አራት ሰዓት። ወዲያው ደግሞ ሁለቱን ሰዎች አሰበቻቸው፣ አንዱ በቀን፣ አንዷ በማታ፣ በር ላይ ሲተላለፉ።

ማማሰያውን መልሳ ሰቀለችው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሊፍቱ ውስጥ አለቀሰች። አፍንጫዋን እየጠረገች «የተረገምሽ ጅል» ትል ነበር ለራሷ፤ እንባዋ ለአሥራ ሁለቱ ዓመት ነበር። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወርዳ አንድ ፔርሙስ አጥሚት፣ ዳቦና አምስት ብርቱካን ገዛች። ተመልሳ ወጣችና በሩን እንደ ማንኛውም ሰው አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለ በሩ።

«ጠያቂ ነኝ። እትዬ ሶልያና ታመዋል ሲሉ ሰምቼ ልጠይቃቸው መጣሁ።»

ትርንጎ በሥራዋ ብዙ ማሽን ግራ ሲጋባ አይታለች፤ በር ግራ ሲጋባ ያየችው ያን ዕለት ነው።

«እዚህ ቤት እንግዳ ነበርሽ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዳዋ ወጥታለች። ምሳዋን ውጭ ትበላለች። እኔ ጠያቂ ነኝ፤ ይኸው ብርቱካን ይዣለሁ።»

የበሮቹን ወግ የጻፉት ሰዎች ይህን አልዘነጉትም ነበር። የታመመ ሰው ጠያቂ ከደጅ አይመለስም። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ጠያቂ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ይደግፋል፣ ጓዳ ገብቶ እቃ ቢያጥብም ማንም የቤት ሰው ሆነ አይለውም፤ ሲሄድ ጠያቂ እንደነበረ ይሄዳል። «ጠያቂ ይግባ» አለ በሩ።

ትርንጎ እትዬ ሶልያናን በትራስ ደገፍ አድርጋ አጥሚቱን በማንኪያ አጠጣቻቸው። ወገባቸውን በቅባት አሸች። ብርቱካን ላጠች። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ የተጠራቀመውን ስኒ፣ ሳህን፣ ድስት ሁሉ አንድ በአንድ አጠበች። ይህን ሁሉ አጥባ አንዱም አልተቆጠረላት። ስትጨርስ እጇ እንደረጠበ ወጥታ «እግዜር ይማርዎት» አለችና ወደ በሩ አመራች።

«ቆይ» አሉ እትዬ ሶልያና። «ማማሰያውን ይዘሽ ነበር። ከአልጋው ላይ ይታያል እኮ።»

«አዎ።»

«ቤቱ ያንቺ ይሆን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንጃ» አለች ትርንጎ። «ረስቼው ነው ብልዎት ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም።»

እትዬ ሶልያና ብርቱካኑን እየቆረጡ በሉ። ማታ ትርንጎ እንግዳ ሆና ተመልሳ ስትመጣ ራት ቀርቦ ጠበቃት፤ ጋሽ ማክቤል ነበሩ ያቀረቡት፤ ሽሮው አርሯል።

የቀሩት ቀናት በፍጥነት አለፉ። እትዬ ሶልያና ተሻላቸው፤ ስለዚያ ቀን ለባላቸው የነገሯቸው አጥሚት መጠጣታቸውን ብቻ ነው። ትርንጎም ስኒ መስረቋን ተወች። በሃያ ዘጠነኛው ቀን አንሶላዋን አጥባ አጣጠፈች፤ ለፈረቃ ቤቱ ስልክ ደውላ የድሮ ተራዋ ተይዞ እንደሆነ ጠየቀች። አልተያዘም አሏት።

በሠላሳኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የርክክብ ሠራተኛው መጣ። አቶ ድንበሩ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው፤ ክራቫት አስሯል፤ ካፖርት ግን አልለበሰም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ እሱ ደጅ ይቆማል፣ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አይተነፍስም። «ግቡ» ብሎ ያስገባው ሰው የቤቱ ባለቤት ሆኖ ይመዘገባል። የእንግዳ ቃል በራሱ አይቆጠርም፤ የቤቱ ሰው ካላዘዘው በቀር።

«እንደምን አደራችሁ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ሦስቱም። «ግቡ» ያለው ግን የለም።

በፊት ሦስቱን ጊዜ «ግባ የኔ ልጅ» ይሉ የነበሩት እትዬ ሶልያና ናቸው። ጋሽ ማክቤል ወደ ሚስታቸው ተመለከቱ። እትዬ ሶልያና የነጠላቸውን ጥለት ያያሉ። በሃምሳ ሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ የደብረ ብርሃን ነፋስ ያፏጫል፤ የልጁ አፍንጫ ቀላ። ሰውን ደጅ አቁሞ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያየ ያውቀዋል። ጋሽ ማክቤል አላስቻላቸውም፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሚስታቸው ጉልበታቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«ትርንጎ» አሉ እትዬ ሶልያና፣ ቆጣ ብለው። «ተነሽ እንጂ። ሰው እኮ ደጅ ቆሟል። አንቺ ወጣቷ እያለሽ እኔ ወገቤን ይዤ ልነሳ?»

እናት ሶፋ ላይ የተጎለተች ልጇን እንዲህ ነው የምትለው። ትርንጎ እንደዚያ ከተባለች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ብድግ አለች፤ ሶፋውን ይዛ ቆመች።

«ግቡ» አለች። ወደ በሩ ቀረብ ብላ ደገመችው። «ግቡ።»

ደወሉ ተሰማ። «ባለቤት ተመዝግቧል» አለ በሩ።

አቶ ድንበሩ እጆቹን እያፋተገ ገባና ቅጹን አወጣ። «እነዚህን ሁለቱን በምን ልመዝግባቸው?» አላት። «ወይ እንግዳ፣ ወይ የቤት ሰው ነው። እንግዳ ከሆኑ ሠላሳ ቀን አላቸው። የፈረቃ ቤቱን ደብዳቤ አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፤ ለእሳቸው የቀን፣ ለእሳቸው ደግሞ የማታ።» ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«እንግዳ በለን» አሉ ጋሽ ማክቤል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ልጅቷን አታስቸግራት። ቤቱን ገዝታዋለች፤ እዚህ ቤት ሥራችን አልቋል።»

«አቶ ድንበሩ» አለች ትርንጎ፤ «ደጅ ቆመው ሲያስነሱኝ ሰምተው የለ? ባለቤቷን በገዛ ቤቷ ‹ተነሽ› ብሎ የሚያዝ እንግዳ አይተው ያውቃሉ?»

አቶ ድንበሩ አሰበ። ወደ በሩ ተመለከተ።

«የለም» አለ በሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እንግዲያው የቤት ሰው» አለ አቶ ድንበሩ፤ ጻፈም። ደብዳቤዎቹን መልሶ ኪሱ ከተታቸው። ትርንጎ ሻይ ልታፈላ ማድ ቤት ገባች፤ ስኳሩን አጣችው። «ከላይ፣ ከበርበሬው ጀርባ» አሉ እትዬ ሶልያና ከሶፋው ላይ። «እሱ አይደለም፤ ከላይ ነው የምልሽ። ቅርንፉድም ጣይበት።»

አቶ ድንበሩ ሻዩን ጠጥቶ ሲሄድ ሦስቱ ተፋጠጡ።

«ሶሊ» አሉ ጋሽ ማክቤል፤ «ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ኖሮ ቀድመኸኝ ግቡ ትል ነበር።»

«ብታስወጣንስ ኖሮ?»

«አታስወጣንም። አጥሚት አምጥታልኛለች።»

«በአንድ ፔርሙስ አጥሚት ነው ቤት የሰጠሽው?»

«አጥሚቱማ ውሃ ነበር» አሉ እትዬ ሶልያና። «ከወጣች በኋላ አንኳኩታ ስለተመለሰች ነው።»

ጋሽ ማክቤል ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንድ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ስኒ ትሰበስባለች፤ አልቅሳለች፤ እንዲያዩባት አልፈለገችም። ስኒውን ማንም አልነጠቃትም።

«እኔ ዛሬ ቤት ነኝ» አለች ስትረጋጋ። «ከፈለጋችሁ ውጡ።»

«ማን ይውጣ?» አሉ ጋሽ ማክቤል። «ዛሬ ተራው የማን ነው?»

«ሁለታችሁም ውጡ እንጂ።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸው። መልበስ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። እትዬ ሶልያና ሦስት ጊዜ ጫማ ቀየሩ፤ ጋሽ ማክቤል ጢማቸውን ላጩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ተጋጩ፤ አንድ በአንድ መውጣት ለምደው ማን እንደሚቀድም ጠፋቸው። ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በጎን ወጡ። «ቤቱን አደራ» አሉ እትዬ ሶልያና ዞር ብለው። «አደራ» አለች ትርንጎ።

ትርንጎ የራሷ በሆነ ባዶ ቤት ሶፋው ላይ ተዘረረች። ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ አልመጣም። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ምስር ሠራች፤ በረደ፤ አሞቀችው፤ በረደ። በመስኮት ቁልቁል አየች፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ማንም የለም። ወገባቸው ይዟቸው ይሆን? ጋሽ ማክቤልስ ወድቀው ይሆን? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽርጧን ወርውራ ወረደች።

ዳቦ ቤቱ የሉም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሉም። ያገኘቻቸው ማማ ዘጠኝ ግቢ ውስጥ፣ የማን እንደሆነ የማያውቁት ሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው። ሠርግ ላይ የገባን ማን ነህ የሚል የለም። እትዬ ሶልያና ከፊታቸው ክምር ሥጋ ያለበት ሳህን ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ማክቤል በአንድ እጃቸው ከዘራ ይዘው መካከል ገብተው እስክስታ ይመታሉ፤ ወጣቱ ከቧቸው ያጨበጭባል።

«እዚህ ናችሁ? አራት ሰዓት ሙሉ ስጨነቅ» አለች ትርንጎ።

«ነይ፣ ቁጭ በይ፣ መጀመሪያ ጉረሺ» አሉ እትዬ ሶልያና። ጉርሻውን አፏ ውስጥ ከተቱና እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው ተለወጠ። «ትርንጎ፣ አንቺ እዚህ ከሆንሽ ቤት ማን አለ?»

ጋሽ ማክቤልም ሰሙ። ትከሻቸው መሃል ላይ ቆመ።

ትርንጎ ጉርሻውን እስክትውጥ ድረስ ሁለቱም አፏን አፏን ያዩ ነበር።

«ማንም የለም» አለች። «ዘግቼው መጣሁ። ቢቆለፍም ለገዢዋ ለኔው ነው።»

ከበሮው ይመታል፤ ሰው ያጨበጭባል። ሁለቱ አዛውንቶች ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ዘግታው መጣች» አሉ ጋሽ ማክቤል ለሚስታቸው፣ ከበሮው እንዳይውጠው ጮክ ብለው። ከዚያ ከዘራቸውን ለትርንጎ አስያዟትና ሁለቱንም እጃቸውን ለእትዬ ሶልያና ዘረጉ።